የቢሮ ፋክስና ፎቶኮፒ ማሽን

የቢሮ ፋክስና ፎቶኮፒ ማሽን በወረቀት ላይ ያለን ጽሑፍ፣ ፊርማ፣ ማኅተም ወይም ሥዕል አንብቦ በሌላ ወረቀት ላይ የሚያባዛ፣ እንዲሁም ምስሉን በስልክ መስመር ወደ ሌላ ማሽን የሚልክ መሣሪያ ነው። ቀድሞ ፎቶኮፒ እና ፋክስ ለየብቻ የሚሠሩ ሁለት ዕቃዎች ነበሩ። ዛሬ ብዙውን ጊዜ ከማተሚያ (ፕሪንተር) እና ከስካነር ጋር በአንድ አካል ተዋህደው ይገኛሉ።

ይህ ጽሑፍ የማሽኑን አሠራር፣ አተካከልና አጠቃቀም በደቡብ ወሎ ዞን ከሚገኙት ከደሴ እና ከኮምቦልቻ ሁኔታ ጋር አያይዞ ያብራራል። ሁለቱ ከተሞች በመንገድ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ቢራራቁም በከፍታ ስለሚለያዩ፣ በአንዱ ከተማ በደንብ የሚሠራ ማሽን በሌላው ሳይስተካከል ቢተከል የተበላሸ ቅጂ ሊያወጣ ይችላል። በጽሑፉ ውስጥ «እ.ኤ.አ.» የተባለው የአውሮፓውያን፣ «ዓ.ም.» የተባለው የኢትዮጵያ ዘመን አቆጣጠር ነው።

ታሪክ

ፋክስ ከስልክ ይቀድማል። ስኮትላንዳዊው ሰዓት ሠሪ አሌክሳንደር ቤን ምስልን በኤሌክትሪክ ሽቦ ለማስተላለፍ የሚያስችል ዘዴ በ1843 እ.ኤ.አ. የፈጠራ መብት አስመዘገበ። ጣልያናዊው ጆቫኒ ካዜሊ የሠራው «ፓንቴሌግራፍ» ደግሞ በ1865 እ.ኤ.አ. በፓሪስና በሊዮን መካከል ለሕዝብ አገልግሎት ሰጠ። በ1980 እ.ኤ.አ. «ግሩፕ 3» የተባለው ዓለም አቀፍ ደረጃ ሲወጣ የተለያዩ ፋብሪካዎች ማሽኖች እርስ በርስ መግባባት ቻሉ፤ ፋክስም በየቢሮው ተስፋፋ።

የደረቅ ፎቶኮፒ ፈጣሪ አሜሪካዊው ቼስተር ካርልሰን ነው። በፈጠራ መብት ክፍል ውስጥ ይሠራ ስለነበር ሰነዶችን በእጅ መገልበጥ ምን ያህል አድካሚ እንደሆነ ያውቅ ነበር። ከረዳቱ ከኦቶ ኮርናይ ጋር የመጀመሪያውን ቅጂ ጥቅምት 22 ቀን 1938 እ.ኤ.አ. በኒው ዮርክ ከተማ፣ አስቶሪያ በተባለ ሰፈር አወጣ። በቅጂው ላይ የተጻፈው ቀኑና የሰፈሩ ስም ነበር። ፈጠራውን የገዛው፣ ኋላ ዜሮክስ የተባለው ሃሎይድ ኩባንያ በ1959 እ.ኤ.አ. «ዜሮክስ 914» የተባለውን ማሽን አስተዋወቀ። ቁጥሩ ማሽኑ እስከ 9 በ14 ኢንች ስፋት ያለውን ወረቀት መገልበጥ እንደሚችል ያመለክታል።

በደሴ የርቀት መልእክት ታሪክ ከቴሌግራፍ ይጀምራል። ጣልያኖች ከ1902 እስከ 1904 እ.ኤ.አ. የዘረጉት፣ አስመራን ከአዲስ አበባ ያገናኘው የቴሌግራፍ መስመር በደሴ ጽሕፈት ቤት ነበረው። በ1963 እ.ኤ.አ. በደሴ በናፍጣ የሚሠራ አዲስ የኤሌክትሪክ ማመንጫ እና ወደ ኮምቦልቻ የሚሄድ መስመር ተጠናቀቀ። ዛሬ ደሴ የዞኑ መስተዳድር መቀመጫ ናት። ኮምቦልቻ ደግሞ የፋብሪካ ከተማ ስትሆን በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክ ይገኝባታል። ወሎ ዩኒቨርሲቲ በሁለቱም ከተሞች ግቢ አለው።

ቴሌግራፍና ቴሌፕሪንተር ፊደልን በኮድ እየለወጡ ስለሚልኩ ለላቲን ፊደል የተሠራው መሣሪያ አማርኛን እንዳለ መላክ አይችልም ነበር። ለዚህም ነው ኢንጂነር ተረፈ ራስወርቅ በአማርኛ ፊደል የሚሠራ ቴሌፕሪንተር የሠሩት። ፋክስና ፎቶኮፒ ግን ፊደል አያውቁም፤ የሚያዩት ጥቁርና ነጭ ነጥብ ብቻ ነው። በመሆኑም የእጅ ጽሑፍን፣ የግዕዝ ፊደልን፣ ፊርማንና ማኅተምን ያለ ልዩነት ያስተላልፋሉ።

የፎቶኮፒ አሠራር

አብዛኞቹ የቢሮ ማሽኖች የሚሠሩት በማይንቀሳቀስ ኤሌክትሪክ (ስታቲክ) ነው። ፕላስቲክ ማበጠሪያ ፀጉር ላይ ከተፈተገ በኋላ ብጣሽ ወረቀት እንደሚስበው ማለት ነው። ሥራው በስድስት ደረጃ ይከናወናል፦

1. መሙላት፦ «ድራም» የተባለው ተሽከርካሪ ሲሊንደር በጨለማ ውስጥ ኤሌክትሪክ ይሞላል።
2. ማብራት፦ የሰነዱ ምስል በብርሃን ወይም በሌዘር ድራሙ ላይ ያርፋል። ብርሃን የነካው ቦታ የኤሌክትሪክ ሙላቱ ይለወጣል።
3. ማጉላት፦ «ቶነር» የተባለው የካርቦንና የፕላስቲክ ደቃቅ ዱቄት በሙላቱ ልዩነት ተስቦ ጽሑፉ ባለበት ቦታ ብቻ ይጣበቃል።
4. ማሸጋገር፦ ወረቀቱ በተቃራኒ ሙላት ዱቄቱን ከድራሙ ይወስዳል።
5. ማቅለጥ፦ «ፊውዘር» የተባሉት ትኩስ ሮለሮች ዱቄቱን አቅልጠው ከወረቀቱ ጋር ያጣብቁታል። ቅጂው ትኩስ ሆኖ የሚወጣው በዚህ ምክንያት ነው።
6. ማጽዳት፦ የተረፈው ዱቄት ከድራሙ ተጠርጎ ለቀጣዩ ገጽ ይዘጋጃል።

የፋክስ አሠራር

ላኪው ማሽን ገጹን ከላይ ወደ ታች በመስመር በመስመር ያነባል። በግሩፕ 3 ደረጃ አንዱ የኤ4 ገጽ መስመር 1,728 ነጥቦች አሉት። በመደበኛ ጥራት በአንድ ሚሊ ሜትር ቁመት 3.85 መስመሮች ስለሚነበቡ አንድ ገጽ ወደ 2 ሚሊዮን የሚጠጉ ነጥቦች ይሆናል። ይህ ሁሉ በሰከንድ 9,600 ቢት እንዳለ ቢላክ ከ3 ደቂቃ በላይ ይወስድ ነበር። ስለዚህ ማሽኑ ነጥቦቹን አንድ በአንድ ከመላክ ይልቅ «ይህን ያህል ነጭ፣ ከዚያ ይህን ያህል ጥቁር» እያለ ያጠቃልላቸዋል። ብዙ ነጭ ቦታ ያለው ደብዳቤ ቶሎ የሚያልፈው፣ ፎቶግራፍ ግን የሚዘገየው ለዚህ ነው።

ስልኩ ሲነሳ የሚሰማው ፉጨት የሁለቱ ማሽኖች ሰላምታ ነው። ላኪው በ1,100 ኸርዝ እየቆራረጠ ይጠራል፤ ተቀባዩ በ2,100 ኸርዝ ይመልሳል። ከዚያ ሁለቱም የሚችሉትን ፍጥነት ተነጋግረው ይስማማሉ። መስመሩ የሚንጫጫ ከሆነ ፍጥነቱን ዝቅ ያደርጋሉ።

ማሽኑን መትከል

ቦታና ኤሌክትሪክ

ማሽኑ ከካርቶኑ ሲወጣ ለጉዞ የተደረጉለት ማሰሪያዎችና ተለጣፊ ፕላስተሮች ሁሉ መነሳት አለባቸው። አንዱ እንኳ ውስጥ ከቀረ ማሽኑ ገና ሲበራ ወረቀት ሊይዝ ወይም ጥርሱን ሊሰብር ይችላል። ማሽኑ በማይነቃነቅና ባልተዛባ ጠረጴዛ ላይ፣ ከግድግዳ ፈቀቅ ብሎ፣ ቀጥተኛ ፀሐይ በማያገኘው ቦታ ይቀመጣል። መንገድ ዳር ባሉ ፎቶኮፒ ቤቶች በር ላይ የሚቀመጥ ማሽን በአቧራ ቶሎ ይጎዳል።

የኢትዮጵያ የኤሌክትሪክ ኃይል 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው። ፊውዘሩ ሲሞቅ ከ1,000 ዋት በላይ ሊስብ ስለሚችል ማሽኑ የራሱ ሶኬት ያስፈልገዋል። ከማሞቂያ ወይም ከቡና ማፍያ ጋር በአንድ ዲቫይደር ላይ መሰካት የለበትም። የኃይል መዋዠቅ ባለበት አካባቢ አቅሙ የሚመጥን ስታቢላይዘር ይደረጋል። ለኮምፒውተር የተሠራ ትንሽ ዩፒኤስ ግን የፊውዘሩን ኃይል ስለማይችል ለዚህ አይሆንም። መብራት ሲቋረጥ ማሽኑን ማጥፋትና ኃይሉ ተመልሶ እስኪረጋ ጥቂት ደቂቃ መጠበቅ የውስጥ ቦርዶችን ከቃጠሎ ያድናል።

ከፍታ

ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,470 እስከ 2,550 ሜትር፣ ኮምቦልቻ ደግሞ ከ1,842 እስከ 1,915 ሜትር ከፍታ ላይ ይገኛሉ። የአየር ግፊቱ በኮምቦልቻ በባሕር ጠለል ካለው 80 በመቶ ያህል ሲሆን በደሴ ወደ 74 በመቶ ይወርዳል።

ይህ ለፎቶኮፒ ትርጉም አለው። አየር ሲሳሳ ኤሌክትሪክ ክፍተትን ዘሎ ለማለፍ የሚያስፈልገው ቮልቴጅ ያንሳል። በድራሙና በቶነሩ ሮለር መካከል ያለው ቮልቴጅ ለዝቅተኛ ቦታ የተመጠነ ከሆነ ሙላቱ ያለ ቦታው ያፈተልካል። ውጤቱም በጽሑፉ ላይ ነጫጭ ነጥቦች፣ የደበዘዘ ጥቁር ወይም በነጩ ቦታ ላይ ግራጫ ጭጋግ ይሆናል።

ስለዚህ ኪዮሴራን የመሳሰሉ አምራቾች በማሽኖቻቸው ላይ የከፍታ ማስተካከያ ያስገባሉ። ማስተካከያው እንደ ሞዴሉ «መደበኛ» እና «ከፍተኛ» ተብሎ ወይም በየሺህ ሜትሩ ተከፋፍሎ በአስተዳዳሪው ወይም በጥገናው ሜኑ ውስጥ ይገኛል። ከኮምቦልቻ ቅርንጫፍ ወደ ደሴ ዋና መሥሪያ ቤት የተዛወረ ማሽን ቅጂው ከተበላሸ፣ ድራም ወይም ቶነር ከመግዛት በፊት ይህን ማየት ወጪ ያድናል። ማሽን በሚገዛበት ጊዜም አምራቹ የፈቀደው ከፍተኛ የሥራ ከፍታ ስንት ሜትር እንደሆነ ማረጋገጥ ተገቢ ነው፤ እስከ 2,000 ወይም 2,500 ሜትር ብቻ የሚሉ አሉ።

ወረቀት

ለአብዛኛው ሥራ በካሬ ሜትር 80 ግራም የሚመዝን ኤ4 ወረቀት (210 በ297 ሚሊ ሜትር) ይበቃል። በሐምሌና በነሐሴ ዝናብ፣ በተለይም በጭጋጋማው የደሴ ክረምት፣ ተከፍቶ የቆየ ወረቀት እርጥበት ይስባል። እርጥብ ወረቀት ይጣበቃል፣ ይጠቀለላል፣ ቶነሩንም በደንብ አይቀበልም። የተከፈተ ደስታ በማሸጊያው ውስጥ ተጠቅልሎ፣ ከሲሚንቶ ወለልም ከፍ ብሎ መቀመጥ አለበት። ወደ መሳቢያው የሚገባው ወረቀት አስቀድሞ ተነፋፍቶ ጠርዙ ይስተካከላል።

የስልክ መስመር

ፋክሱ ከግድግዳው የስልክ ሶኬት የሚገናኘው «ላይን» በተባለው ቀዳዳ ነው። ሌላው ቀዳዳ ለተጨማሪ የስልክ ቀፎ ነው፤ ሁለቱ ከተለዋወጡ ፋክሱ መስመር አያገኝም። በደሴና በኮምቦልቻ የመደበኛ ስልክ መለያ 033 ነው። ከውጭ አገር ሲላክ 0 ቀርቶ በ251 33 ይተካል። ቢሮው የውስጥ ስልክ ማዞሪያ ካለው የውጭ መስመር ለመያዝ የሚደወለው አኃዝ ከቁጥሩ በፊት ይገባል፤ ከአኃዙም በኋላ መስመሩ እስኪከፈት አጭር የ«ፖዝ» ምልክት ይጨመራል።

ቀጥሎ የአቀባበል ዘዴ ይመረጣል። መስመሩ ለፋክስ ብቻ ከሆነ «አውቶማቲክ» ይደረጋል። በአንድ ቁጥር ሰውም ፋክስም የሚደውል ከሆነ «ስልክ/ፋክስ» የሚለው ምርጫ ማሽኑ ፉጨቱን ለይቶ እንዲቀበል ያደርገዋል። «በእጅ» የሚለው ምርጫ ግን ከሥራ ሰዓት ውጭ የሚመጣ ፋክስ እንዲቀር ያደርጋል።

ስም፣ ቀንና ሰዓት

ማሽኑ በሚልከው ገጽ ሁሉ ራስጌ ላይ የላኪውን ስም፣ ቁጥር፣ ቀንና ሰዓት ያትማል። ይህ መስመር ደብዳቤው መቼና ከየት እንደተላከ የሚያሳይ ማስረጃ ስለሆነ በትክክል መሞላት አለበት። ማሽኖቹ የሚቆጥሩት በአውሮፓውያን ቀንና በ24 ሰዓት አቆጣጠር ነው። ለምሳሌ ጥር 14 ቀን 2016 ዓ.ም. ጠዋት 3፡15 ላይ የተላከ ደብዳቤ ራስጌው ላይ 23/01/2024 እና 09:15 ይነበባል። በደብዳቤውና በራስጌው መካከል ያለው ልዩነት ስሕተት አይደለም። ሰዓቱን «ለማስተካከል» ብሎ የኢትዮጵያን ሰዓት በማሽኑ ላይ መሙላት ግን ከሌሎች ማሽኖች መዝገብ ጋር እንዳይመሳከር ያደርገዋል።

አጠቃቀም

ቅጂ ለማንሳት ሰነዱ ፊቱን ወደ መስታወቱ አድርጎ በጥግ ምልክቱ ይቀመጣል። ከላይ ባለው መጋቢ ሲገባ ግን በአብዛኛው ማሽን ላይ ፊቱ ወደ ላይ ይሆናል። ስቴፕል፣ ክሊፕና ያልደረቀ ማኅተም ያለው ወረቀት ወደ መጋቢው አይገባም። የቆየ፣ የተቀደደ ወይም የሳሳ ሰነድም፣ እንደ አሮጌ የልደት ማስረጃ ያለ፣ ሁልጊዜ በመስታወቱ ላይ ነው መነሳት ያለበት። መታወቂያ ለመገልበጥ ሁለቱን ገጽ በአንድ ወረቀት ላይ የሚያወጣ ልዩ ምርጫ አለ።

ፋክስ ለመላክ፦

1. በመጀመሪያ ገጽ ላይ የተቀባዩ መሥሪያ ቤትና የገጾቹ ብዛት ይጻፋል፤ አንድ ገጽ ቢጎድል ተቀባዩ ያውቃል።
2. ጥራቱ ይመረጣል።
3. ቁጥሩ ከነመለያው ይደወላል፤ ከመላኩ በፊትም በማሳያው ላይ ይነበባል። በአንድ አኃዝ ስሕተት የሠራተኛ ማኅደር ወይም የሕክምና ውጤት ባዕድ ቢሮ ሊወጣ ይችላል።
4. ከተላከ በኋላ የማረጋገጫው ወረቀት ይታተምና ከደብዳቤው ቀሪ ጋር በመዝገብ ቤት ይያያዛል።

ማረጋገጫው የሚለው ገጾቹ ተቀባዩ ማሽን ጋ መድረሳቸውን ብቻ ነው። የሚመለከተው ሰው እጅ መግባታቸውን አያሳይም። ቀነ ገደብ ላለው ጉዳይ ስልክ ደውሎ መጠየቅ ያስፈልጋል።

የአማርኛ ጽሑፍና ጥራት

በግዕዝ ፊደል አንዱ ሆሄ ከሌላው የሚለየው ብዙ ጊዜ በአጭር ጭረት ነው። «ገቢ» እና «ገቡ» የሚለዩት ጭረቱ ከእግሩ ግርጌ ወይም ከወገቡ በመሆኑ ነው። በመደበኛ የፋክስ ጥራት በሁለት መስመሮች መካከል ሩብ ሚሊ ሜትር ያህል ስለሚኖር በትንሹ የተጻፈ ፊደል ጭረቱ ሊጠፋ ወይም ከጎኑ ካለው ጋር ሊዋሃድ ይችላል። «ፋይን» የተባለው ጥራት የመስመሮቹን ብዛት በሚሊ ሜትር ወደ 7.7 ያሳድጋል። ጊዜው ቢረዝምም ለአማርኛ ደብዳቤ የሚመከረው ይህ ነው።

ፋክስ ጥቁርና ነጭ ብቻ ስለሚያይ ፈዛዛ ሰማያዊ ወይም ወይን ጠጅ ማኅተም ሊሰወር ይችላል። የጥቁረቱን መጠን አንድ ደረጃ ከፍ አድርጎ አስቀድሞ ኮፒ አንስቶ ማየት ይጠቅማል፤ በኮፒው ላይ ያልታየ ማኅተም በፋክስም አይታይም።

የተለመዱ ችግሮች

ወረቀት ሲይዝ፦ ማሽኑ ይጠፋል፣ ሽፋኑ ይከፈታል፣ ወረቀቱ በሚሄድበት አቅጣጫ በሁለት እጅ ቀስ ተብሎ ይሳባል። ፊውዘሩ ስለሚያቃጥል እስኪበርድ ይጠበቃል።

ከላይ እስከ ታች ቀጥ ያለ ጥቁር መስመር፦ በመጋቢው ሲገባ ብቻ ከታየ፣ ከዋናው መስታወት ጎን ባለው ጠባብ መስታወት ላይ ቆሻሻ አለ። በደረቅ ለስላሳ ጨርቅ ይጸዳል።

በእኩል ርቀት የሚደጋገም ነጥብ፦ ድራሙ ወይም ሮለሩ ላይ ጭረት አለ። ድራም በእጅ አይነካም፣ ብርሃንም ላይ አይቆይም።

በጣት ሲታሽ የሚለቅ ጽሑፍ፦ ፊውዘሩ በቂ ሙቀት አልሰጠም ወይም ወረቀቱ ወፍራም ወይም እርጥብ ነው።

የፈሰሰ ቶነር፦ በቀዝቃዛ ውኃ ይታጠባል። ሙቅ ውኃ ዱቄቱን አቅልጦ ከጨርቅ ጋር ያጣብቀዋል።

እየተቋረጠ የሚያስቸግር ፋክስ፦ የመላኪያ ፍጥነቱ በሜኑ ዝቅ ይደረጋል። «ኢሲኤም» የተባለው የስሕተት ማረሚያ ግን ለኦፊሴላዊ ሰነድ ባይጠፋ ይሻላል፤ ሲጠፋ የጎደሉ መስመሮች ሳይታወቁ ሊያልፉ ይችላሉ።

የቅጂ ታማኝነት

በኢትዮጵያ ለሥራ ቅጥር፣ ለትምህርትና ለይዞታ ጉዳይ ኮፒ ሲቀርብ ዋናው ሰነድ አብሮ ይጠየቃል፤ ተመሳክሮ ትክክል መሆኑ ሲታይም ኮፒው ላይ ማኅተም ይደረጋል። ሰነድ የሚረጋገጥበትን ሥርዓት የሚወስነው የሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 922/2008 ነው። የኤሌክትሮኒክ መልእክቶችን ሕጋዊ ዕውቅና የሚመለከተው ደግሞ የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ነው። ከዚያ ቀደም የቴሌኮም ማጭበርበር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 761/2004 በኢንተርኔት አማካይነት የፋክስ አገልግሎት መስጠትን ወንጀል ብሎ ደንግጎ ነበር።

ማሽን ራሱ ሊሳሳት እንደሚችልም ታይቷል። በ2013 እ.ኤ.አ. ጀርመናዊው የኮምፒውተር ሳይንስ ባለሙያ ዴቪድ ክሪዝል አንዳንድ የዜሮክስ ወርክሴንተር ማሽኖች ሰነድን ስካን ሲያደርጉ አኃዝ እንደሚለውጡ አሳየ። በአንድ የሕንፃ ፕላን ላይ ስፋታቸው የተለያየ ሦስት ክፍሎች ሁሉም 14.13 ካሬ ሜትር ሆነው ወጡ፤ በሌላ ሰነድ ደግሞ 6 ወደ 8 ተለወጠ። ምክንያቱ ፋይሉን ለማሳነስ ተመሳሳይ የመሰሉ ምስሎችን በአንድ የሚተካው የማመቅ ዘዴ ነበር። ኩባንያው ማስተካከያ ሶፍትዌር አወጣ። የደበዘዘ ቁጥር በደብዛዛነቱ ይታወቃል፤ ጥርት ብሎ የተሳሳተ ቁጥር ግን አያስጠረጥርም። ስለዚህ ገንዘብ፣ ስፋት ወይም የመድኃኒት መጠን ያለበት ቅጂ ከዋናው ጋር አኃዝ በአኃዝ መነበብ አለበት።

ሰነድን መጠበቅ

በርካታ ትልልቅ ማሽኖች በውስጣቸው ሃርድ ዲስክ አላቸው፤ የተነሳው ሰነድ ምስል እዚያ ሊቀር ይችላል። በ2013 እ.ኤ.አ. አፊኒቲ የተባለ የአሜሪካ የጤና መድን ድርጅት የታካሚዎች መረጃ ያለባቸውን ኮፒ ማሽኖች ዲስካቸውን ሳያጸዳ ለአከራዩ በመመለሱ ከ1.2 ሚሊዮን ዶላር በላይ ከፍሏል። ማሽን ሲሸጥ፣ ሲከራይ ወይም ለጥገና ሲወጣ ዲስኩ መደምሰስ ወይም መነቀል አለበት።

በሙቀት የሚሠራው አሮጌው የፋክስ ጥቅል ወረቀት ጽሑፉ በጊዜ ብዛት ይደበዝዛል። በእንዲህ ያለ ወረቀት ላይ የመጣ ደብዳቤ ማኅደር ውስጥ ከመግባቱ በፊት በተራ ወረቀት ኮፒ ይደረጋል።

ከጥቅምት እስከ ኅዳር 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴንና ኮምቦልቻን በደረሰበት ጊዜ የደሴ ሪፈራል ሆስፒታልንና ወሎ ዩኒቨርሲቲን ጨምሮ በርካታ ተቋማት ዘረፋና ውድመት ደርሶባቸዋል። ዋናውና ቅጂው በአንድ መሳቢያ ውስጥ የተቀመጡ እንደሆነ ሁለቱም በአንድ ቀን ይጠፋሉ። በአንዱ ከተማ የተዘጋጀ ሰነድ ቅጂው በሌላው ከተማ ወይም በባሕር ዳር ሲቀመጥ ግን የዲግሪው፣ የሕክምናው ወይም የይዞታው ባለቤት መብቱን የሚያስረዳበት ወረቀት ይተርፋል።